ፍራሹና ሻንጣው

መዝገቡ ቀጭን ነበር። አንድ ገጽ ክስ፣ አንድ ገጽ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የምስክሮች ዝርዝር፣ በመጨረሻም ተከሳሹ ለፖሊስ የሰጠው ቃል። ጠበቃዋ ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሻንጣው የማን ነው ተብዬ ስጠየቅ የኔ ነው ብያለሁ። አሁንም የኔ ነው እላለሁ። የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ትክክል ስለሆነ ፈርሜያለሁ።» ከሥሩ ያለው ፊርማ ብዙ ጽፎ የማያውቅ እጅ ያረፈበት ነው፤ መስመሩን ለቆ ወደ ላይ ይወጣል።

ሻንጣው ውስጥ፣ ከታጠፉ ልብሶች ሥር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቷል። ተከሳሹ አውቶቡስ ተራ ውስጥ ዕቃ የሚሸከም ሰው ነው። ከስሙ ጎን በቅንፍ «ክሬን» የሚል ተጽፏል፤ ጓደኞቹ ያወጡለት መሆን አለበት።

«ይኼ ደግሞ ምን ይታሰብበታል» አሉ ፊት ለፊቷ ካለው ጠረጴዛ ጋሼ። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት የሚያቆማቸው ተከላካይ ጠበቆች በሚሠሩበት በዚህ ቢሮ ከሁሉም የቆዩት እሳቸው ናቸው፤ አንገታቸውን አስግገው የሰው መዝገብ በግልባጭ ማንበብ ይችሉበታል። «የኔ ነው ብሏል፣ ፈርሟል። ይመንና ቅጣቱ ይቅለልለት። ካመነ አራት ዓመት ነው። ክዶ ቢፈረድበት ግን ሰባት፣ ስምንት ይሆንበታል።»

«እኔም ሰኞ ዕለት እንደዚያው ነው የነገርኩት።»

ሰኞ ማረሚያ ቤት ሄዳ አነጋግራው ነበር። ክሬን ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ትከሻው ከበሩ የማይተናነስ፣ ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ሻንጣው ያንተ ነው ወይ አለችው። አዎ የኔ ነው አላት። ውስጡ ያለውስ ስትለው፣ እሱን አላውቅም አለ። የራስህን ሻንጣ ውስጡን አታውቀውም? እንዴት አውቃለሁ፣ አልከፈትኩት። ጠበቃዋ ማስታወሻዋ ላይ «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብላ ጻፈችና፣ በሚመጣው ሐሙስ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ቢያምን እንደሚሻለው መክራው ወጣች። እሱም እሺ አላት። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ስትቆይ፣ የኔ ነው ካለ በኋላ ውስጡን አላውቅም የሚል ሰው ሲገጥማት የመጀመሪያዋ አልነበረም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የክሬን ታላቅ እህት በሩን አንኳኩታ ሳትጠበቅ ገባች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በካውያ ተኳሽ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀሚሷ ላይ አንድም የተጨማደደ ቦታ አይታይም።

«የክሬን ጠበቃ እርስዎ ኖት?»

«ነኝ። ይቀመጡ።»

«ስጨርስ እቀመጣለሁ። እመን ብለውታል አሉ።»

«እንዲያስብበት ነው የነገርኩት።»

«ለመሆኑ እርስዎ የማን ጠበቃ ኖት? የሱ ነው ወይስ የከሳሾቹ?»

ጋሼ ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ዋጡት። ጠበቃዋ መዝገቡን ገልብጣ ወደ ሴትዮዋ ገፋችላት። «እትዬ፣ ይኼን ያንብቡልኝ። ራሱ ነው የኔ ነው ያለው።»

እህትየው ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበች። ስትጨርስ ወረቀቱን አቃንታ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ወንድሜ ሻንጣ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። እኔ ዘንድ ሲመጣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ነው የገባው፣ አሁንም ያው ፌስታል ነው ያለው። ሻንጣ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያ የምዋሰው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን የኔ ነው አለ?»

«እሱን እኮ እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። የተማሩት እርስዎ ኖት።» አሁን ተቀመጠች። ድምፅዋም ዝቅ አለ። «አየሽ ልጄ፣ አይዋሽም ብዬ አልምልልሽም። ግን አይችልበትም። ልጅ ሳለ ስኳር ልሶ፣ ከንፈሩን ሳይጠርግ አልቀመስኩም የሚል ነበር። ልጁ ገና ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ከተቀመጠ መጥቶ ማነህ ነው የምትለው።»

ጠበቃዋ ምንም ቃል አልገባችላትም። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ቀጠሮ ስላልነበራት ወደ አውቶቡስ ተራው ሄደች። ያሰበችው፣ የሻንጣውን ባለቤት ያየ ሰው ካለ መጠየቅ ነበር።

ከግቢው በር ስትገባ አንድ ረጅም አውቶቡስ እያፈገፈገ ነው። ገና ሳይቆም ስምንት ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ጎኑ ሮጡ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገለጠና ዕቃውን ማውረድ ጀመረ። አንድ ጆንያ ወይም ካርቶን ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ መዳፍ ጧ ብሎ ያርፍበታል።

«የኔ!»

«ያቺ ቀይዋ የኔ ናት።»

«ዞር በል፣ የኔ ነው ብያለሁ።»

መዳፍ ያረፈበትን ዕቃ ሌላው ዳግመኛ አያየውም። ተሳፋሪዎቹ ገና በበሩ እየወረዱ ነው፤ ንብረታቸውን እነዚህ ሰዎች የኔ የኔ ሲባባሉበት ማንም አይደነግጥም። ጠበቃዋ ባለችበት ቆማ ቀረች። በዚህ መሐል ስድስት መዝገብ የያዘው የቆዳ ቦርሳዋ ላይ አንድ እጅ አረፈ።

«የኔ ነው» አለ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው።

«ምኑ ነው ያንተ?»

«ቦርሳው።»

«ቦርሳው የኔ ነው።»

«እሱማ የርስዎ ነው» አለ ሰውየው፣ ትንሽ ግራ ገብቶት። በአገጩ ወደ ጓደኞቹ እያመለከተ፣ «የኔ ነው ያልኩት ለነሱ ነው» አለ።

«ተዋት እንጂ አንተ» አለ ጆንያ ያቀፈ ሌላ ሰው እያለፈ። «ወረቀት ነው የያዘችው። በጀርባህ ፊደል ልትቆጥር ነው?»

ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ። ጠበቃዋ አልሳቀችም። ባለፎጣውን ቦርሳውን አሸክማው፣ ወደ ተራ አስከባሪው እንዲወስዳት ጠየቀችው።

ተራ አስከባሪው ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እግሩ በሽቦ በተጠገነ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰዎቹ በሰው ዕቃ ላይ ለምን የኔ እንደሚሉ ስትጠይቃቸው፣ መልሱን የማያውቅ ሰው በመኖሩ ትንሽ ተገረሙ።

«ሰው ከሰው እንዳይጣላ ነዋ። ቀድሞ እጁን ያሳረፈና የኔ ነው ያለ፣ ዕቃው የሱ ነው። ባለቤቱ ካለበት እስኪያደርስ ድረስ። ቢሰበር እሱ ነው፣ ቢጠፋ እሱ ነው።»

«ከተሸከመው በኋላ የኔ አይደለም ቢልስ?»

«ከተሸከመ በኋላ?» ነውር እንደተናገረች ዓይነት አዩዋት። «ጥሎ ሄደ ማለት ነዋ። ሳምንት ተራ የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ከዚያ ወዲያ ማን ዕቃውን ያምነዋል?»

«ክሬን የተያዘ ቀን እዚህ ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ። ፍራሽና ሻንጣ ደርቦ ሲወጣ ፖሊሱ በሩ ላይ አስቆመው። የማን ነው አለው፣ የኔ ነው አለ። ምን ይበል?»

«ባለ ሻንጣውስ?»

«ከኋላ ከኋላ ሲከተል ነበር። ፖሊስ ሲያይ ውሃ በላው። መልኩን ልብ አላልኩትም፤ ብዋሽሽ ምን ያደርግልሻል።»

«ፍራሹስ የማን ነበር?»

«የአንዲት እማማ። እሳቸው እንኳ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ተከትለውት ሄደዋል።»

በማግስቱ ጠበቃዋ ማረሚያ ቤት ሄደች። ክሬን ጠባቧ የመነጋገሪያ ክፍል ውስጥ ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር ማስገባት ስላልቻለ ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል። በሩ ላይ አንድ ጠባቂ ቆሟል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ምኑን?»

«የኔ ነው ማለት ተሸክሜዋለሁ ማለት መሆኑን።»

አሰበ። «ሌላ ምን ማለት ነው?»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ ማለት ነው። ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ እኔም የገባን እንደዚያ ነው።»

ክሬን መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን እንደጀመረው ተወው። «ባለቤቱ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም እኮ።»

«ዕፅ እንደተገኘበት ነግረውህ የለ? ያን ጊዜስ ለምን ዝም አልክ?»

«ነግረውኛል። ቢሰበር የኔ ነው፣ ቢጠፋ የኔ ነው። ዕፅም ቢገኝበት ያው የኔ ነው ብዬ ነው። እርስዎም መጥተው እመን ሲሉኝ፣ በቃ ሕጉም እንደኛው ነው አልኩ።»

ጠበቃዋ ማስታወሻዋን አውጥታ «ይጋጫል» ያለችበትን መስመር ሰረዘች። «እኔ ተሳስቼ ነው» አለች። «ቶሎ ነው የመከርኩህ። አሁን ስማኝ። ሐሙስ ዳኛዋ ሲጠይቁህ፣ ሻንጣው የኔ አይደለም ትላለህ።»

«እሱን አልልም።»

«ምን?»

«የኔ አይደለም አልልም። ተሸክሜ የኔ አይደለም ካልኩ ጥዬ ሄድኩ ማለት ነው። ነገ ስወጣ እነዚያ ልጆች ምን ይሉኛል?»

«የኔ ነው ካልክ እኮ አትወጣም።»

ክሬን መሬት መሬት አየ። ግትርነቱ የጉራ አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ በየት በኩል እንደሚነሣ የሚያጠና ሰው ይመስል ነበር። ጠበቃዋም አልቸኮለችም። ለአሥራ አምስት ዓመት በአንድ ቃል ታምኖ እንጀራ የበላን ሰው ያንኑ ቃል በሰዎች ፊት እንዲክድ እየጠየቀችው እንደሆነ ገብቷታል። ደግሞም ቢል እንኳ፣ በፊት የኔ ነው ብሎ አሁን የኔ አይደለም የሚል ሰው መስሎ ነው ዳኛዋ ፊት የሚቆመው።

«የተሸከምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤቱስ?»

«ሌላ ሰው ነው።»

«እንግዲያው እንደዚያ በል። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ተሸካሚው ነኝ።»

ክሬን ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ሞከረው። «እሱን እችላለሁ» አለ። «እውነት ነው።»

ደጋግማ አስባለችው። ጠያቂ ሆና በቁጣ፣ ጠያቂ ሆና በለስላሳ ድምፅ፣ ሳያስበው በድንገት ጠየቀችው። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ላይ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ፣ «እህቴ፣ እሱ ቢጠፋው እኔ እልላችኋለሁ፤ ሸምድጄዋለሁ» አለ።

ሐሙስ ዕለት ክሬን እንደተለማመደው ተናገረ፤ ቀጭን ድምፁ ግን በደንብ ስላልተሰማ ዳኛዋ ደግመው እንዲለው አዘዙት። የእህቱ ካውያ ያለፈበት የሚመስል ኮት የለበሰው ወጣት ዐቃቤ ሕግ ተነሥቶ፣ ተከሳሹ ለፖሊስ የሰጠው የተፈረመ ቃል ይህን እንደሚያስተባብል አመለከተ። ምስክር ለመስማት የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ጠበቃዋ ሌሎች አሥራ ሰባት መዝገቦች ነበሯት። ያም ሆኖ አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ፣ ክሬን በተያዘበት ዕለት ጣቢያው የተረከበውን ንብረት መዝገብ እንዲያሳዩዋት ደብዳቤ አስገባች። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ደብዳቤውን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየችው።

«ፍራሽ? ለፍራሽ ብለሽ ነው ያን ትልቅ መዝገብ የምታስወርጂኝ?»

«ለፍራሽ ብዬ ነው።»

«እኔስ ዕፁን የምትጠይቂ መስሎኝ ነበር። ጊዜው ምን ሆነ» አለችና ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው።

በቀኑ ሥር በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ይላል፤ «ከተጠርጣሪው የተገኘ፦ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ። ተጠርጣሪው ሁሉም የኔ ነው ብሏል።» ከሦስት መስመር በታች ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፦ «ፍራሹ ለባለቤቷ ተመልሷል።» ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ወደ ዐቃቤ ሕግ በተላከው መዝገብ ውስጥ የተገለበጠው የሻንጣው ብቻ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አልደበቀውም፤ ፍራሽ ወንጀል ስላልሆነ ነው። ጠበቃዋ ገጹን ኮፒ አስደርጋ ማኅተም አስመታችበት።

በቀጠሮው ቀን የመጀመሪያው ምስክር በሩ ላይ ክሬንን ያስቆመው ፖሊስ ነበር፤ ዕድሜው የገፋ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ ሰው። ዐቃቤ ሕጉ አጭር ጥያቄ ጠየቀው። ሻንጣው የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ የኔ ነው አለኝ፣ ሲፈተሽ ዕፁ ተገኘ። ዐቃቤ ሕጉ ተቀመጠ። ጠበቃዋ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣች።

«ተከሳሹን ሲያስቆሙት የያዘው ሻንጣውን ብቻ ነበር?»

«የለም። ፍራሽም ደርቦ ነበር።»

«ስለ ፍራሹም ጠይቀውታል?»

«አንድ ላይ ነው የጠየቅኩት። ይኼ ሁሉ የማን ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«የኔ ነው።»

«ፍራሹ አሁን የት ነው ያለው?»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ የተከሰሰው በፍራሽ አይደለም።»

ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቤቱ ጸጥ እስኪል ጠበቁ። «ምስክሩ ይመልሱ» አሉ።

«ለባለቤቷ ሰጠናቸው» አለ ፖሊሱ። «አንዲት እናት ናቸው። ፍራሼን ብለው ጣቢያ ድረስ መጡ፣ ተቀመጡም ቢባሉ እንቢ አሉ። አስፈርመን ሰጠናቸው።»

«ተከሳሹ የኔ ነው እያለ ለሳቸው የሰጣችሁት ለምንድን ነው?»

«የሱ እንዳልሆነማ እናውቃለን። እሱ እኮ ተሸካሚ ነው።»

ካለ በኋላ የተናገረው ለራሱም ተሰማው። አንገቱን ወደ ክሬን አዞረ፣ መልሶ ወደ ዳኛዋ አየ። ጠበቃዋ ኮፒውን ለችሎት ጸሐፊው ሰጥታ ተቀመጠች።

ዐቃቤ ሕጉ እጁን ሰጥቶ የሚቀመጥ አልነበረም። «ሻንጣውንስ፣ የኔ ነው ብሎ የመጣ ሌላ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አልነበረም አለ ፖሊሱ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ያኔ ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይኼ ሁሉ የማን ነው ሲሉት ለማወቅ የፈለጉት ምን ነበር?»

«ባለቤቱን ነዋ።»

«ባለቤት የሚለውን ቃል ተናግረዋል?»

ፖሊሱ አዎ ብሎ መገላገል ይችል ነበር። «አልተናገርኩም» አለ።

ብይኑ በሳምንቱ ማክሰኞ ተነበበ። ዳኛዋ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ፣ ተከሳሹ ስለ ሁለት ዕቃ በአንድ ቃል መመለሱን፣ ፖሊስ ራሱ በፍራሹ ላይ ያላመነውን ቃል በሻንጣው ላይ ግን እንደ እምነት ቃል መውሰዱን፣ ተከሳሹ በሻንጣው ውስጥ ያለውን ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለመቅረቡን አነበቡ። «በዚህም ምክንያት መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት።»

ክሬን ወደ ጠበቃዋ ጎንበስ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይሰናበት ያሉት ከሥራ ነው?»

«ከእስር ነው» አለችው። «ከእስር።»

ሦስት ረድፍ ኋላ የተቀመጠችው እህቱ ብድግ አለች፤ መቆም አይፈቀድም ሲሏት ተቀመጠች፤ ወዲያው ረስታው እንደገና ቆመች።

ኮሪደሩ ላይ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቦቹን በክንዱ አቅፎ ጠበቃዋ አጠገብ ደረሰ። «ይግባኝ እንበል እንደሆነ አለቃዬ ነው የሚወስነው» አላት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «እኔን ከጠየቅሽኝ ባለ ሻንጣውን ብንፈልግ ይሻል ነበር።» መልሷን አልጠበቀም።

የመፍቻው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት የእስረኞቹ መኪና ከመነሣቱ በፊት መድረስ ነበረበት፤ ካለፈው ክሬን አንድ ቀን ይጨምራል። ጠበቃዋ የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጸሐፊ ዴስክ ላይ ተደግፋ፣ ሴትዮዋ ስትተይብ በዐይኗ እየተከተለች ቆመች። ማኅተሙ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ሲባል ስብሰባው ድረስ ሄዳ አንኳኳች። መኪናው ሞተር አስነሥቶ ሳለ ደብዳቤውን ለአጃቢው አስረከበችና፣ ወዲያው ጎን ባለው ችሎት ሌላ ሰው ስለሚጠብቃት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች።

እህትየው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ የደረሰችው ከመኪናው ኋላ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ክሬን ፌስታሉን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ግራና ቀኝ አየ፤ አራት ወር አጥር ይዞ ሲዞር የኖረ እግሩ ቀጥ ያለውን መንገድ ለመልመድ ጥቂት እርምጃ ወሰደበት።

«ከስተሃል» አለችው።

«አንቺ ነሽ እንጂ የከሳሽው።»

«አታስቀይሰኝ። ና፣ ታክሲው እዚያ ማዶ ነው።»

አስፋልቱን ተሻገሩ። ክሬን ሲፈራ ሲቸር፣ «ልጄስ?» አለ። «ማውራት ጀመረች?»

«አባ ማለት ጀምራለች።»

ቆመ።

«ዝም ብለህ ደስ አይበልህ» አለች እህቱ። «ለሁሉም ነው የምትለው። ለአከራያችንም አባ፣ ውሃ ቆጣሪ ለሚያነበውም አባ። ትናንት ለኔም ብላኛለች። ግባና ለማን እንደሚባል ራስህ አስተምራት።»

ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። እህቱ በትከሻዋ መንገድ ከፍታ ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ተከትላውም ገባች።